የሀና ማርያሟ አነር

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አጥሯ ላይ የበቀለውን ግራዋ አስቆርጣ ቅርንጫፉን ደጄ ላይ ከመረችው። ዝናብ ሲመታው ያ መራራ ሽታው ቤቱን ሞላው። መስኮት ብዘጋም አልጠፋም። ኋላማ ከገዛ እጄ የሚወጣ መሰለኝ። ይህን ነገር ለማንም አውርቼው አላውቅም፤ ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያኔ ከሀና ማርያም ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ የሰፈሩ ሴቶች በማኅበር የሚያለሙት እርሻ ነበር። ጎመንና ቀይ ሥር ይበቅልበታል፤ ሁለት ላሞችና ብዙ ዶሮዎችም ነበሩ። እናቴ ከማኅበርተኞቹ አንዷ ነበረች። በእርሻው ጫፍ ላይ በቆርቆሮና በሽቦ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ነበሩ፤ የቆሰለ የዱር እንስሳ እስኪድን የሚቆየው እዚያ ነው። ያንን የሚይዙት፣ ላሞቹንም የሚያክሙት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከብት ሐኪም ረዳት ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። እኛ ልጆቹ ግን ጋሼ ዶክተር ነበር የምንላቸው።

ዓመቱን በሙሉ ሥራ አያጡልንም። ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ዳር የወይራና የጽድ ችግኝ ያስተክሉናል። ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡትን ሽመላዎች ለማየት ወደ ለቡ ሜዳ ይወስዱናል። በጋው ሲጠና ደግሞ ለወፎች ውኃ በገል እያደረግን በየዛፉ ሥር እናስቀምጣለን። «አትሩጡባቸው፤ ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ ራሳቸው ይመጣሉ» ይሉን ነበር። እውነትም ይመጡ ነበር።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ከፉሪ በኩል እንጨት ቆራጮች አንዲት የአነር ግልገል በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው መጡ። ከድመት ትንሽ ትበልጣለች፤ ቢጫ ቆዳዋ በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ጆሮዎቿ ከፊቷ የተለቁ ነበሩ። የወጥመድ ሽቦ የፊት እግሯን እስከ አጥንቷ በልቶታል። ጋሼ ዶክተር ግራዋ አፍልተው፣ እኔ ሳህኑን ይዤላቸው፣ ቁስሉን ጠዋትና ማታ ያጥቡላት ነበር። መጀመሪያ ትፍ ትልብን፣ ጥርሷን ታሳየን ነበር። ኋላ ኋላ ድምፄን ስትሰማ ጆሮዋን ወደ እኔ ማዞር ጀመረች።

«አታልምጃት» አሉኝ አንድ ቀን፣ ስጋ በእጄ ልሰጣት ስል። «መስቀል ካለፈ በኋላ ከፉሪ ማዶ እንለቃታለን። ሰው የለመደች እንደሆነ ሰው ይገድላታል።»

እሺ አልኩ። ግን ኮርቼባት ነበር። አንድ ማታ ቤት እራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «አነሯ እኮ መቀርቀሪያ በእግሯ ትከፍታለች» ብዬ ዋሸሁ። ትኩረት ፈልጌ ነው እንጂ ከፍታ አታውቅም። እናቴ ሳቀችና፣ «በይ ከዶሮዎቼ ራስ ትውረድ» አለች። የዚያን ዓመት ዶሮዎች ማኅበርተኞቹ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ነበር የሚያደልቧቸው። የእኔ ደብተርና ጫማም ከነሱ ነበር የሚጠበቀው።

የዶሮ ቤቱን ማታ ማታ የምዘጋው እኔ ነበርኩ፤ በማኅበሩ ዘንድ ሥራው የጋሼ ዶክተር ነበር፤ ለእኔ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። በጳጉሜ ሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ዶሮዎቹን አስገብቼ በሩን እንደገፋሁ፣ ጓደኞቼ ከመንገድ ላይ ጠሩኝ። አበባየሆሽ ልንለማመድ ነበር፤ ከበሮው ተጀምሯል። መቀርቀሪያውን ሳልወረውር ሮጥኩ። አስታውሼው ቢሆን እንኳ እመለስ እንደነበር እጠራጠራለሁ፤ ዝናቡ ሊመጣ ነበር፣ ደግሞ ዘፈኑን የማወጣው እኔ ነበርኩ።

ጠዋት ስንደርስ ጭቃው በላባ ነጥቷል። ዐሥራ ሰባት ዶሮ፣ አንዳንዱ አንገቱ የለ፣ አንዳንዱ ምንም ሳይበላ ተነክሶ የተጣለ። እናቴ ነጠላዋን ሳትሰበስብ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አነሯ በቤቷ ውስጥ ነበረች፤ በሯም እንደተዘጋ ነው። ጋሼ ዶክተር የዶሮ ቤቱን በር አዩት። የተንጠለጠለውን መቀርቀሪያ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ትናንት ማነው የዘጋው?» አለች የማኅበሩ ሊቀመንበር።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ። «በደንብ አልዘጋሁትም። የበላቸው ሸለምጥማጥ ነው፤ ንክሻውን እዩት። አነሯ ከቤቷ አልወጣችም።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። እኚህን ሰው ከአንቱ ሌላ ጠርታቸው አታውቅም። «አንተ!» አለቻቸው። «አውሬ ከዶሮ ጋር የምታሳድር! መቀርቀሪያ እንደምትከፍት ልጄ ነግራኛለች! በልታ ተመልሳ ነው የገባችው!» ክንዴን ይዛ ወደ ፊት ሳበችኝ። «ንገሪያቸው። ትከፍታለች ብለሽኝ የለም?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አትከፍትም ብል ጥያቄው ወደ መቀርቀሪያው ይመለሳል፤ ትናንት ማን ነበር፣ ወዴት ሮጠች ይባላል። የእናቴ ጣቶች ክንዴ ውስጥ ገብተዋል።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

ጋሼ ዶክተር አዩኝ። ትንሽ ፊታቸው ተለወጠ፤ በቃ። የሴቶቹን ጩኸት ሰምተው የመጡ ሁለት ወንዶች ዱላ ይዘው ወደ ሽቦው ቤት ሲጠጉ ግን መሐል ገብተው ቆሙ። «አንድ ቀን ስጡኝ። ዛሬውኑ ፉሪ አድርሻት እመጣለሁ» ብለው ለመኑ። ሊቀመንበሯ እምቢ አለች። «እንግዲያው በዱላ አትንኳት» አሉ። ሣጥናቸውን ከፍተው ለአንድ በሬ የሚበቃ ማደንዘዣ በመርፌ ሞሉ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ዓይኗን ሸፍኚላት፤ ያንቺን እጅ ታውቃለች።»

እኔን ለመቅጣት ይሁን ለእሷ አዝነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ገባሁ። ድምፄን ሰምታ ጆሮዋን አዞረች። መዳፌን ዓይኖቿ ላይ አደረግኩ፤ ሽፋሽፍቷ መዳፌን ሲነካኝ ይሰማኛል። ጋሼ ዶክተር መርፌውን ሲወጉ «አይዞሽ» አሉ። ለእሷ ይሁን ለእኔ አልለየሁም። ቀስ እያለች ከበደችኝ።

ጋሼ ዶክተር በዚያው ቀን ተሰናበቱ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ከቀሩት ዶሮዎች ልትወስድ የመጣች ሸለምጥማጥ በውሾች ተያዘች። ሴቶቹ ሬሳዋን ከበው አዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደየሥራቸው ሄዱ። እናቴ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ያቺም ብትሆን አንድ ቀን መብላቷ አይቀርም ነበር» አለችኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። ጋሼ ዶክተር ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ቤት ተከራይተው እንደሚኖሩም አውቅ ነበር። አንድ እሑድ እግሬን አንሥቼ ግማሽ መንገድ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በቀጣዩ ክረምት ችግኝ የተከለ ልጅ አልነበረም። የሽቦው ቤቶች ፈርሰው ሽቦው ለጎመን አጥር ዋለ። አሁን እዚያ ሂጂ ብልሽ ፎቅ ነው የምታዪው።

አንድ ጊዜ ብቻ አግኝቻቸዋለሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሳሪስ በውይይት ታክሲ ተሳፍሬ፣ ያ ፊት ለፊት እያስተያየ የሚያስቀምጠው፣ ቀና ስል እሳቸው ከፊቴ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ወዲያው ነው ያወቁኝ። ሒሳቤን ከፈሉልኝ። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፤ ጎበዝ አሉኝ። እኔ የቦርሳዬን ማንገቻ እያፍተለተልኩ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ፣ ከሚቀጥለው ፌርማታ በኋላ እነግራቸዋለሁ እላለሁ።

«እናትሽ ደኅና ናቸው?» አሉ።

«ደኅና ናት።»

«ያ የዶሮው ነገር ሁሌም ይቆጨኛል። ለበዓል ያሰቡትን አሳጣኋቸው። ይቅርታም ሳልጠይቃቸው ነው የሄድኩት።»

ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ዓይኔ ውስጥ እያዩ ጠበቁኝ። ረዳቱ የመኪናውን ጎን መታ፤ መውረጃቸው ደርሶ ነበር።

«ኧረ ምንም አይደል፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እኛ ይቅር ብለንዎታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወረዱ።