ሰማያዊ ዱቄትና ቁንጥር እርድ

በፊቷ «እትዬ» እያልኩ አንቱ እላት ነበር። ዛሬ የሚያስገድደኝ ስለሌለ «እሷ» እላታለሁ፤ እሱም ይበዛባታል። በደርግ ጊዜ፣ ከብስራተ ገብርኤል ወደ መካኒሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቀበሌ በተከራየችው አንድ ክፍል ውስጥ የሴቶች ጸጉር ቤት ነበራት። እኔ ሠራተኛዋ ነበርኩ። ጸጉር አጥባለሁ፣ በቢጎዲን እጠቀልላለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ ፎጣ አጥባለሁ። የእሷ ሥራ ማዘዝና ማውራት ነበር።

ከመስተዋቱ በላይ በጣልያንኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በፍሬም አድርጋ ሰቅላ ነበር። «ፒያሳ ከጣልያኗ ሲኞራዬ ዘንድ የተመረቅሁበት ዲፕሎማ» ትላለች። ደንበኛው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ ሊሳለመው ምንም አይቀረው። አንድ ቀን ጣልያንኛ የሚያነቡ ሽማግሌ መካኒክ ጎረቤታችን የተበላሸውን ካስክ፣ ያንን ከራስ ላይ የሚደፋ የጸጉር ማድረቂያ፣ ሊጠግኑ መጡ። ወረቀቱን አነበቡና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። የካስኩ ዋስትና ነበር። «ማሽኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢበላሽ በነፃ ይጠገናል ነው የሚለው» አሉኝ በጆሮዬ። ሲኞራዋ ዘንድ የሠራችውም ወለል ጠረጋ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። መጥረግ ነውር አይደለም፤ እኔም ጠርጌአለሁ። ነውሩ መጥረጊያውን ዲፕሎማ ማለቱ ነው።

የእኛ ጥቁር ጸጉር ማንጫ መድኃኒት ሲቀባ ወዲያው ወርቅማ አይሆንም። ጥቁሩ ሲነሣ ሥሩ የተኛው ቀይ ብቅ ይላል፤ አዲስ ሸክላ ይመስላል። ይህን ጸጉር የነካ ሰው ሁሉ ያየዋል። እሷ ግን ቀዩን እንደ እድፍ ነበር የምትቆጥረው። «ቀዩ አልለቅ ያለው መድኃኒቱ ስላነሰ ነው፤ ድገሚው» ትለኛለች። ድገሚው፣ ሠልሺው! ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይሉ የለ? የሴቶቹ ጸጉር እንደ ገለባ ሲሰባበር «ጸጉርሽ ከድሮም ደካማ ነው» ትላቸዋለች። እነሱም «እውነትዎን ነው እትዬ» ብለው ከፍለው ይወጣሉ። እነሱንም ንቄአቸው ነበር።

ለቀዩ መላ ያገኘሁት ከፎጣ ነው። ነጭ ፎጣ ሲያረጅ ቢጫ ይላል፤ ያን ጊዜ መጨረሻ የሚለቀለቅበት ውሃ ላይ ሰማያዊ የልብስ ዱቄት ጣል ሲደረግ ቢጫው ይጠፋል። ይህን የማታውቅ ልብስ አጣቢ አልነበረችም። ፎጣን ያስተካከለ ጸጉርን ምን ይከለክለዋል አልኩና ከወለል የጠረግሁትን የቀላ ጸጉር በክር አስሬ ነከርኩት። ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ። ምን ይሁን ታዲያ፣ ሰማያዊ ከቀይ ጋር ተደባልቆ! በማግሥቱ ከእናቴ ጓዳ ቁንጥር እርድ አምጥቼ ጨመርኩበት፤ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ነከርኩት፣ አለቀለቅሁት፣ በር ላይ ወጥቼ በፀሐይ አየሁት። ቀዩ የለም፤ አረንጓዴው ውጦታል! የተቆላ ገብስ የመሰለ ለስላሳ ቡናማ ሆኗል። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ቢቆይ ሁለት ሦስት እጥበት ነው፤ ግን አያቃጥልም፣ አይሰብርም። ዱቄቱንና እርዱን ቀላቅዬ በባዶ የወተት ቆርቆሮ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ለእሷ ነገርኳት፤ ሞኝነቴ። ሦስት ደንበኞች ተቀምጠው ነበር። ጸጉሩን ሳሳያት በሁለት ጣቷ ያዘችና ወለል ላይ ጣለችው።

«እርድ? እርድ ነው ያልሽኝ? አንቺ ልጅ፣ ወጥ ልትሠሪ ነው ወይስ ጸጉር? ፎጣ አጣቢ ስለ ቀለም ምን አገባት!»

ሴቶቹ ሳቁ። «ደካማ ጸጉር ነው ያለሽ» የተባለችው እንኳ ሳትቀር ሳቀች። የጣለችውን ራሴው ጠረግሁትና በሆዴ «ከእንግዲህ ቤትሽ ቢቃጠል አንድ ጣሳ ውሃ አላቀብልሽም» አልኩ።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ቀን፣ አንዲት ልጅ ከመካኒሳ አቦ ከእናቷ ጋር መጣች። ሰርጓ እሑድ ነው። ጸጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርዳል፤ እንደዚያ ያለ ጸጉር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እጮኛዋ መንግሥት ልኮት ሶቭየት ኅብረት አምስት ዓመት ተምሮ መመለሱ ነው። ከቦርሳዋ ፎቶ አወጣች። ልጁ ካፖርት ለብሶ ከአንዲት ፈረንጅ የክፍል ጓደኛው ጋር በረዶ ላይ ቆሟል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሴትዮዋ ጸጉር ግን ወርቅማ እንደሆነ ያስታውቃል።

«እንደሷ አድርጉልኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚያ እንዲህ ያለ አይቶ ለምዷል። እኔን ሲያይ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው» አለችኝ።

ኧረ ወዲያ! እግዜር የሰጣትን ጸጉር ለአንድ ካፖርት ለባሽ ብላ ልታስነጣው! እሷንም እሱንም በሆዴ ሳቅሁባቸው። እትዬ እናቷን «ውጪ ጠብቂ» አለቻት።

መጀመሪያ ሲቀባ እንደ ወጉ ቀላ። ጸጉሩ ግን ጠንካራ ነው፤ አንድም አልተሰበረም። ልጅቷ ወደ መስተዋቱ ተጠጋች።

«ቀላ እኮ!»

«አይዞሽ፣ መድኃኒቱ አንሶ ነው» አለች እትዬ። «ድገሚላት!»

ቆርቆሮዬ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ልጅቷ ወደኔ ዞረች።

«ይሻላል እህቴ? ይደገም?»

«እትዬ ያውቃሉ» አልኳት።

እንዲህ ስላት ውስጤ እየሳቀ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም ዝም አልኩ። ሲደጋገም ይብስ ይቀላል፣ እናትየዋ ትገባለች፣ ጩኸት ይቀልጣል፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ ያ የካስክ ዲፕሎማ ከግድግዳው ይወርዳል። ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው። ሁለተኛውን በገዛ እጄ በጠበጥኩት። ሦስተኛውንም። የራስ ቅሏ ሲቃጠል እጄን ፈልጋ ጨበጠችኝ፤ ሰጠኋት። ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገባ።

ሳጥባት ጸጉሩ ከውሃው ጋር መጣ። እንደ ረጠበ ጥጥ ይሳብና ብጥስ ይላል። የማጠቢያው ሳህን ሞላ። እትዬ ከትከሻዬ በላይ አይታ «ጸጉርሽ ከድሮም ደካማ ነው» አለች። ደካማ! ያ ጸጉር!

ልጅቷ አላለቀሰችም። የቀረውን በእጇ ዳሰሰችና «እስከ እሑድ ትንሽ አያድግም?» አለችኝ።

እናትየዋ ገባች። አሁን ጉድ ይፈላል ብዬ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ልጇን አየች፣ ሳህኑን አየች፣ ከግድግዳው ያለውን ወረቀት ቀና ብላ አየችና አንገቷን ደፋች። «እንግዲህ የኛው ጸጉር ነው እንጂ እርስዎ ምን ያድርጉ፤ አደከምንዎት» አለች። ያን ሁሉ የጠበቅሁት ውርደት ይኸው ነበር። ልጅቷን እስከ ጆሮዋ ቆርጠን፣ በሻሽ ጠቅልለን ሸኘናት። እትዬ ምሳዋን በላች። ያ ወረቀት እኔ ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ ተሰቅሎ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ደርግ ሳይወድቅ፣ በቀበሌ ሱቅ ሳሙና መጥቷል ተብሎ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ዞሮ ዞሮ ከአጥሩ ጀርባ ደርሷል። ከፊቴ ጥቂት ሰዎች አልፎ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች። ዞር ስትል አወቀችኝ። ያቺ ሙሽራ ናት፤ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

«አንቺ! የጸጉር ቤቷ!» ብላ እየጠራች አቀፈችኝ። ስለ ሰርጉ ጠየቅኋት፤ ምን ልበላት ሌላ? «ባለቤቴ ዓመት ሙሉ ሻሼን አላስወለቀኝም» አለች። «ለሰው ሁሉ ታማ ነው ይላል። አሁንም ለምዶብኝ አስረዋለሁ። ይኸው እንደ ድሮው ሆኖ አላደገም።»

በእሱ ላይ የነበረኝ ንቀት መሸሸጊያ እንዲሆነኝ ፈለግሁት። አልመጣም።

«አንቺን ግን አልረሳሁሽም» አለችኝ። «እዚያ ቤት ያዘነልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሲያቃጥለኝ እጄን ይዘሽልኝ ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ስለ ቆርቆሮው ልነግራት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልነግራት ነበር። እሷ ግን ኋላዋ ወደቆሙት ሴቶች ዞራ «እህቴ ናት፣ ቦታ ይዤላት ነው» አለችና እጄን ስባ ከፊቷ አስገባችኝ።

ዝም ብዬ ገባሁ።