ብርድ ልብስ የለበሰው ኮምፒውተር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተነሥቶ ስንከራከር እናመሽ ነበር። መልስ የሚመስል ነገር ያየሁት ግን ካረጀሁ በኋላ፣ የእህቴ ልጅ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

የእህቴ ልጅ ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪሞች በሚልኩለት የድድ ልክ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሞርድ ይውላል። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ከእኔ በታች ባለችው ክፍሉ ሙዚቃ ያቀናብራል። ማይክራፎኑን በከፈተ ቁጥር ደረጃ የሚወጣውንም፣ ሳህን የሚያጥበውንም፣ የሚያስነጥሰውንም «ጸጥታ» እያለ ስለሚያስቆም ስሙ በቤተሰቡ ዘንድ ጸጥታ ሆኖ ቀርቷል።

እህቴ፣ እናቱ ማለቴ ነው፣ ከመሞቷ በፊት በነበሩት ወራት እዚያች ክፍል ተቀምጣ ዘፈነችለት። ዘፋኝ አልነበረችም፤ ልብስ ስታጣጥፍ የምታንጎራጉር ሴት ነበረች። ድምጿ የቀረው አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። «አቀናብሬ ስጨርስ እገለብጠዋለሁ» ይል ነበር፤ ሳይጨርስ ዓመታት ሄዱ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አጎቴ፣ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል።»

ወርጄ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ለእኔ ምንም አልተሰማኝም። እሱ ግን የመሞረጃው ጫፍ ሊሰበር ሲል ከድምፁ የሚያውቅ ሰው ነውና አመንኩት። ኮምፒውተሩን አጠፋና አብረን ወደ ኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ ሄድን።

ሻጩ ሁለት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አንዱ ቀጭን፣ ውስጡ ምንም የማይሽከረከር፣ ኤስኤስዲ የሚባል የፋይል ማከማቻ ነው። ሌላው ወፈር ያለ ሃርድ ዲስክ።

«ፈጣኑ ለመሥሪያ፣ ሰፊው ለማስቀመጫ» አለ።

«የማይሞተው የትኛው ነው?» አለ ጸጥታ።

«ወንድሜ፣ እኔ የምሸጠው ዕቃ ነው።»

«ዋስትና የለውም?»

«አለው እንጂ። ከተበላሸ አዲስ እሰጥሃለሁ። ውስጡ የነበረው ግን የራስህ ጉዳይ ነው። የድሮውን የት ነበር የምታስቀምጠው?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ። ጉርምርምታው ቀረጻ ውስጥ እንዳይገባ ኮምፒውተሩን ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ።»

«ምነው፣ በርዶት ነው?» ብሎ ሻጩ ሊስቅ ጀመረና የጸጥታን ዐይን ሲያይ ተወው። «ሙቀት እኮ ነው የሚገድለው። አፍነኸዋል።»

ሁለቱንም ገዝተን ተመለስን። በራችን ላይ ስንደርስ ጸጥታ፣ «አፈንኳት» አለኝ።

«ዲስኩን ነው ያፈንከው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። እናቱ በመጨረሻ ትንፋሽ ያጥራት ነበር።

ብርድ ልብሱን ገፎ፣ የቁም ሳጥኑን በር ነቅሎ፣ ማራገቢያ ደግኖበት መገልበጥ ጀመረ። ከሁሉ አስቀድሞ የመረጠው የመጨረሻውን ቀረጻ ነው፤ ድምጿ እጅግ የደከመበትን።

«ለምን ከዚህ ጀመርክ? ደህናዎቹ እያሉ?»

«ደህናዎቹ ቢጠፉ ትዝ ይሉኛል። ይሄን ስቀርጽ ግን መሣሪያውን እንጂ እሷን አልሰማሁም።»

ስክሪኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መስመር ትንሽ ትሄድና ትቆማለች። ስትቆም እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን። «ጸጥታ» ያለኝ የለም፤ ቢሆንም ሳል ጉሮሮዬን እየበላኝ ዋጥ አደረግሁት። ከሰዓት በኋላ ቀጭ ቀጩን እኔም ሰማሁት። የሰው ትዝታ በዚህች ቆርቆሮ መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይ፣ ማራገቢያውን ይበልጥ ወደ ዲስኩ አስጠጋሁት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ተገለበጠ። አሮጌው ዲስክ ከዚያ ወዲህ ቢያበሩትም አልነቃም።

ጭንቀቱ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ግድግዳውን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ የጣሪያውን ቧንቧ ማየት ጀመረ። እሳት ቢነሣስ? ሌባ ቢገባስ? ተጨማሪ ቅጂ በትንሽ ዲስክ ላይ አዘጋጀ፤ ይሄኛው ሌላ ጣሪያ ሥር ማደር አለበት አለ። የእኔ ክፍል አይሆንም፤ እሱን የሚበላ እሳት እኔንም አይምርም። የሥራ ቦታውን ደግሞ አቧራ ሞልቶታል።

ሌላ ቤት የሚኖረውን ታላቅ ወንድሙን አስቀምጥልኝ ቢለው ሳቀበት። «ልጆቼን አታውቃቸውም? ፈታተው መኪና ይሠሩበታል።»

እህቱ አልሳቀችም። «የእማዬ ድምፅ መሳቢያዬ ውስጥ እያለ እንዴት ብዬ ነው የምተኛው?»

«ካልሰኩት እኮ አይናገርም።»

«እሱ ነው የባሰው።»

ዲስኩ ዛሬም በካልሲ ተጠቅልሎ፣ ከጥርስ ልኮች ጋር በሥራ ቦርሳው ጠዋት ይወጣል፤ ማታ ተመልሶ እዚሁ ቤት ያድራል። ባለፈው እሑድ ደረጃው ላይ ቆሜ በተከፈተው በሩ እህቱን በስልክ ሲለምናት ሰማሁ።

«እህቴ፣ አንድ መሳቢያ ብቻ። አትክፈቺው፤ ምን እንዳለበትም እርሺው። ብቻ አንቺ ዘንድ ይደር።»

ትንሽ አዳመጠ። ስልኩን ዘጋና ቦርሳውን አንሥቶ አልጋው ሥር አስገባው።