ስድስት እኩል የባትሪ ድንጋዮች

መኪናዋን ያመጣችልን የእናቴ አብሮ አደግ ናት። ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ሲሄድ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም። ከብዙ ዓመት በኋላ የተወለደችበትን መንደር ልታይ መጥታ ዳባት እኛ ቤት ስታርፍ፣ ከሻንጣዋ ክንድ የምታህል ቀይ የመጫወቻ መኪና አወጣች። በሪሞት የምትነዳ ነበረች።

«የልጄ ነበረች፤ አድጎ ተዋት» አለችኝ። «አንቺ ሳይንስ ታስተምሪ የለ? ለተማሪዎችሽ ትሁን።»

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሞተር ምን እንደሆነ በጠመኔ ሥዬ ከማሳየት በቀር ሌላ መሣሪያ አልነበረኝም፤ እና ደስታዬን መቻል አቃተኝ። ችግሩ፣ መኪናዋ አልሄድ አለች። ሆዷ ውስጥ በሰማያዊ ፕላስቲክ የተጠቀለሉ ስድስት የባትሪ ድንጋዮች አሉ። ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ሳደርጋቸው ውዬ ብሞክራቸው ጎማውን ግማሽ ዙር አዙረው ዝም አሉ።

መጀመሪያ ከሱቅ ለእጅ ባትሪ የሚሆኑትን ድንጋዮች ገዝቼ ገጠምኩላት። ክፍሉን ሦስቴ ዞረችና እንደ ደከመ ሰው እየተጎተተች ቆመች። ቀጥሎ «ጉልበት ነው ያጣችው» ብዬ የሞተር ሳይክል ባትሪ ተውሼ ጀርባዋ ላይ አሰርኩባት። ሆዷ መሬት ነክቶ ተኛች። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ግን አንገበገበኝ። ርዕሰ መምህሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ትቀመጥ፣ ለእንግዳ ታምራለች አሉ። እኔ ደግሞ በማግስቱ በፌስታል ይዣት ደባርቅ ሄድኩ።

ደባርቅ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። በደርግ ጊዜ የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ ይባላል። መንግሥት ሲለወጥ በአንድ ክራንች ተደግፈው አገራቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከጃናሞራ እስከ ዳባት የታመመ ሬዲዮ ሁሉ መድረሻው እሳቸው ጋ ሆነ። አባቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው፤ ቢሆንም አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ብድግ ሊሉ ሞከሩ።

«ኧረ ጋሼ፣ በማርያም ይቀመጡ!»

«ቲቸር ቆመው እኔ እቀመጣለሁ?» አሉ። ሁለታችንም እስክንቀመጥ ሥራ አልተጀመረም።

ሰማያዊውን ፕላስቲክ በምላጭ ቀደው ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለኩ። «ሁለቱ ሞተዋል፤ አራቱ ታመዋል» አሉ። ከዚያ ክራንቻቸውን ዘርግተው ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቁር ሣጥን ሳቡ። መንገድ ሠሪዎች የጣሉት፣ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ (ድሪል) ባትሪ ነው። «አንዱ ድንጋይ ቢሞት ሁሉንም ወረወሩት። አንድ በሬ ሞተብኝ ብሎ መንጋውን የሚፈጅ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ሲከፍቱት አሥር ድንጋዮች ወጡ፤ ቁመታቸውም ውፍረታቸውም የመኪናዋን ያህል።

«እንግዲያው ስድስቱን አንስተው ይበይዷቸዋ» አልኩ።

«የትኞቹን ስድስት?»

ፊዚክስ ተምሬ፣ ፈተና አልፌ፣ ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

«ለቅዳሜ ገበያ ይምጡ» አሉኝ። «እስከዚያ ሁሉንም እሞላቸዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ስደርስ አንድ ጣውላ ላይ አሥር የእጅ ባትሪ አምፖሎችን ደርድረው ጠበቁኝ። እያንዳንዱን ከአንድ ድንጋይ ጋር አገናኙና ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጣውላው ላይ አኖሩት። አንደኛው አምፖል ከመጀመሪያውም አልበራም። ዘጠኙ በቀን ብርሃን ደብዘዝ ብለው በሩ። እዚያው ተቀምጠን እንጠብቅ ጀመር።

ገበያተኛ ያልፋል፣ ይቆማል፣ ይጠይቃል። አንድ ሙክት የሚጎትቱ የጃናሞራ ገበሬ ከፊታችን ቆሙ።

«ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«ማን ቀድሞ እንደሚደክም» አሉ ጠጋኙ።

ገበሬው ሙክታቸውን ረስተው ቁጢጥ አሉ። ረፋዱ ላይ ሁለት አምፖሎች ተከታትለው ጠፉ። ቀትር አለፈ። ከዚያ ስድስቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ ላይ ሊባል በሚችል ሁኔታ ጠፉ። አንዱ ብቻ ቀረ፤ እንደበራ ነው።

«ይኼ ጀግና ነው!» አልኩ። «መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው።»

ጠጋኙ ፈገግ ብለው ያን ድንጋይ አንስተው ወደ ጎን አደረጉት።

«እንዴ! ከሁሉም የበረታውን?»

እሳቸው ሳይመልሱ ገበሬው ቀደሙ። «ወይዘሮ፣ እኩል ያልሆነ በሬ አይጠመድም። ደካማው ይጎዳል።»

«አዎ፣ እንደዚያው ነው» አሉ ጠጋኙ። «ሲሞሉም ይጎዳሉ። ትልቅና ትንሽ ማድጋ ባንድ ላይ ውሃ ሲቀዳባቸው ትንሹ ቀድሞ ሞልቶ ይፈሳል፤ ትልቁ ገና ነው። ከድንጋይ የሚፈሰው ደግሞ ሙቀት ነው፤ ያቃጥለዋል። እኔ የምፈልገው ባንድ ላይ የሚደክሙትን፣ ባንድ ላይ የሚጠግቡትን ነው።»

ስድስቱን አጋድመው በየዱ። የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ካላማዳሪ፣ ቆርጠው ጠቀለሏቸውና መኪናዋ ሆድ ውስጥ ከተቱ። ቻርጅ አድርገው አቆዩኝና በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ሪሞቱን ሰጡኝ። «ይንዱ» ቢሉኝ «እርስዎ ይቅደሙ» ብዬ እምቢ አልኩ። መኪናዋ በሱቁ በር ወጥታ በጤፍ ጆንያዎች መካከል ተሽሎክልካ ዳገቱን ስትወጣ፣ ጠጋኙ ድምፅ አውጥተው ሳቁ። ጎረቤቶቻቸው እሳቸው ሲስቁ ሰምተው አያውቁም ነበር መሰለኝ፣ ከየሱቁ ብቅ ብቅ አሉ።

ዳባት ስመለስ ለርዕሰ መምህሩ መኪናዋን አላሳየኋቸውም። «አንድ ሰው ክፍሌ ውስጥ እንዲያስተምሩ ይፈቀድልኝ» ብቻ አልኳቸው። ፈቀዱ። ጠጋኙ ግን አስቸገሩኝ።

«እኔ ስምንተኛ ክፍል አልጨረስኩም፣ ቲቸር።»

«እኔ ጨርሼ ምን አመጣሁ? ሁለቴ ተሳስቼ አይደል እርስዎ ጋ የመጣሁት?»

በመጨረሻ ጣውላቸውንና አምፖሎቻቸውን ይዘው በሚኒባስ መጡ። ክፍሉ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። ለተማሪዎቹ ምንም ነገር ቀድመው አልነገሯቸውም። አምፖሎቹን አበሩና፣ «ማን ቀድሞ ይደክማል? ንገሩኝ» አሉ። እስከዚያ ቀን ክፍል ውስጥ ተናግረው የማያውቁ ተማሪዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ማስታወሻ እጽፍ ነበር።

ያ ቀን የአንድ ጊዜ እንግድነት ሆኖ አልቀረም። ጠጋኙ፣ እኔ ወደ ጎንደር እስክዛወር ድረስ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ እየመጡ አስተማሩ። የደባርቅ ሚኒባስ ረዳቶች የጋቢናውን ወንበር፣ ሌላ ሰው ቢለምንም፣ ለእሳቸው ይይዙ ነበር።