የመመረቂያ ጽሑፌን የተከላከልኩባት ክፍል

ለዲፌንስ የምለብሰውን ጃኬት ስተኩስ ነው ፖሊሶች መጥተው አዲስ ከተማ ከተከራየሁባት ክፍል የወሰዱኝ። ጃኬቱን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ እስር ቤት ገባሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ቀድመው የታሰሩት ሴቶች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። የተጠየቅሁት "ቤት ለቤት እየዞርሽ ስለ ሃይማኖት የምትጠይቂው ለማን ነው?" የሚል ነበር። ለዩኒቨርሲቲ ነው ብል ማን ይመነኝ!

ጥናቴ ሃይማኖታቸው የተለያየ ባልና ሚስት በአንድ ገበታ ምን እንደሚበሉ ነበር። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ አንድ ድስት ውስጥ አይገባም፤ ዓሣ ግን በማን ስም ታረደ አይባልም። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ስንቱን ትዳር እንዳቆመ ጽፌያለሁ። ሐሙስ ለዲፌንሱ ፈታኞቼ ፊት ካልቀረብኩ ግን ያ ሁሉ ልፋት ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ፣ አንዲት ጴንጤ የሆኑ የሲዳማ እናት፣ ትከሻዬን ነቀነቁኝ።

"ዛሬ አይደል እንዴ ፈተናሽ? ተነሺ፣ ጃኬትሽን ልበሺ።"

"እማማ፣ እርስዎ ደግሞ! እዚህ ማን ሊፈትነኝ?"

"እኔና እሷ" አሉ፤ መናኸሪያ ጨርቅ የምትሸጠውን ሙስሊም ጓደኛችንን በአገጫቸው እየጠቆሙ።

ለበስኩ። ፊታቸው ቆምኩ።

"ማናችን ነን ትክክል?" አሉ እማማ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

"የእኛ ትምህርት እሱን አይፈርድም። ሰው ያመነውን እንዴት እንደሚኖረው ነው የምናጠናው።"

"ታዲያ ምን ይጠቅማል?" አለች ነጋዴዋ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

"ማንንም ልቀይር ስላልመጣሁ" አልኩ በመጨረሻ፣ "ሰው ጓዳውን ይከፍትልኛል። ለዘመዱ የሚደብቀውን ለእኔ ያወራል።"

"ምነው ይህን ለመርማሪው ብትነግሪው!"

"ነግሬዋለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ዓሣው ከሐይቁ ቢጠፋስ?" አለች አሁንም ነጋዴዋ።

"ሽሮ አለ!"

ጥያቄ ሲያልቅ ተማሪው ወጥቶ ፈታኞቹ ለብቻቸው እንደሚመካከሩ አፌ አምልጦኝ ተናገርኩ። እማማ ነገሩን የምር አደረጉት። በሩን ደበደቡና ፖሊሷን ጠሩ።

"እህቴ፣ ይህቺን ልጅ አንዴ አስወጪልን። ልንመካከርባት ነው።"

ፖሊሷ ጃኬቴን አየች፣ እማማን አየች። ትቆጣናለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ። የጃኬቴን ቁልፎች ቆልፌ እንደ እስረኛ ሳይሆን እንደ ተፈታኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከውስጥ የጦፈ ክርክር ይሰማል።

"ከበደሽ እንዴ?" አለችኝ ፖሊሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"አንዷ ጥያቄ ከብዳኛለች።"

ቆየች፣ ቆየችና እኔን ቀድማ አንገቷን በበሩ አስገባች። "አለፈች?"

"አልፋለች! ግን እኛንም ጽሑፏ ውስጥ ታስገባን!"

እልልታው ግቢውን ሞላው። "ኧረ ቀስ!" አለች ፖሊሷ፤ እሷም ግን ጥርሷን መክደን አልቻለችም። እኔ በደስታ አለቀስኩ።

ከተፈታሁ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ቀን ሰጠኝ፤ አለፍኩ። ፈታኞቼ ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ዛሬ እኔው ፈታኝ ነኝ። ተማሪው ወጥቶ ኮሪደር ላይ ሲቆም በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። ባልደረቦቼ ዝጊው ይሉኛል። አልዘጋውም።