ለአባቦራ የተገዛው ገመድ

ዘይቱ በሚዛን ተፈሪ ገበያ አቡጄዲና ሻሽ ትሸጥ ነበር። ቀበሌ ለስብሰባ ሱቅ ዝጉ ብሎ ሲያውጅ አንዱን መዝጊያ ትዘጋና በሌላው ትሸጣለች። “አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ያስሩሻል” ሲሏት፣ “እስር ቤትም ልብስ ይለበሳል” ትላለች። እልኸኝነቷ ከእናቷ እንዳልመጣ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፤ ምስኪን ሴት ነበሩ። ያወረሷት አባቷ ናቸው።

አባቷ አባቦራ በወጣትነታቸው ከጅማ በኩል መጥተው ከቴፒ ወዲህ ያለ ጫካ ውስጥ ጎጆ የቀለሱ ሰው ናቸው። ቡናም ነበራቸው፤ ልባቸው ግን ያለው ንብ ላይ ነው። ከቤታቸው ጀርባ ያለ አንድ ትልቅ ቀራሮ ላይ በገዛ እጃቸው የጠረቧቸውን ቀፎዎች ሰቅለዋል፤ ዛፉም በአገሩ ሁሉ “የአባቦራ ዛፍ” ተብሎ ይጠራል። በ1979 መንደር ምሥረታ መጣና ጎጇቸው ፈረሰ። መንገድ ዳር ተሰልፈው ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ሰጧቸው። ዛፍ አይነቀልም፤ ጫካው ውስጥ ቀረ። ዛፍ መውጫ ገመዳቸውንም ለመንደሩ ሥራ ግንድ ሊጎትቱበት ወሰዱና ፈትገው ፈትገው፣ ቁራጭ ብቻ አድርገው መለሱላቸው።

ይህ ሳያንስ ባዘዘው የተባለው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሕዝብ ሰብስቦ፣ “በዚህ የማር ወቅት ባለቤቱ ራሱ ያልወጣበት ዛፍ የማኅበሩ ይሆናል” አለ። ለማን እንደተባለ ያልገባው ሰው አልነበረም። አባቦራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ገመድም የላቸውም። ሽማግሌው አልተከራከሩም። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ወደ ጫካው ማየት ብቻ ሆነ ሥራቸው። ቡና የሚጭን ሾፌር ሚዛን ሲገባ ለዘይቱ “አባትሽ ዝም ብለዋል” አላት። ዘይቱ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። አባቷ ሲሳደቡ፣ ሲያኮርፉ፣ ሲዋሹም ታውቃለች፤ ዝም ሲሉ ግን አይታ አታውቅም።

ኢድ ተቃርቦ ነበር። ቴፒ በጸሐፊነት የሚሠራው ታናሽ ወንድሟ አሚኑ ስለ ስጦታው ሊማከር መጣ።

“ጋቢ እንግዛለት” አለ። “ሸምግሏል፣ ይሙቀው።”

“ጋቢ ለብሶ ዛፉ ሲወሰድ ይይ?”

“ታዲያ ምን ይደረግለት?”

“ገመድ እገዛለታለሁ።”

አሚኑ አፈጠጠባት። “በዚያ ጉልበቱ? ልትገድዪው ነው?”

“አሁንስ ምን እያደረገ ነው? ተቀምጦ እየሞተ አይደል!” ብላ ጮኸችበት፤ ደንበኞች ሁሉ ዞሩ። ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ለአባቷ ጋቢ ነፈገች እያሉ ሲያሟት ከረሙ። የፈለጉትን ይበሉ ብላ ተወቻቸው።

ገመድ ሻጩ ገብረወልድ “ለላም ነው ለበቅሎ?” ብሎ ጠየቃት።

“ለአባቴ።”

ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ናይለኑንም ጠፍሩንም ቃጫውንም አስወርዳ ውኃ አፈሰሰችባቸውና በተራ በተራ ጎተተቻቸው። ናይለኑና ጠፍሩ ሲርሱ ከእጅ ያመልጣሉ፤ ቃጫው ይይዛል። ቃጫውን ወፍራም አድርጎ ገምዶ እንዲሰጣት አዘዘችው። ሲያመጣላት በሱቁ ወጋግራ ላይ ጣለችና ቀሚሷን ሰብስባ ራሷ ተንጠለጠለችበት። ገበያው ሥራ ፈትቶ ቆሞ አያት።

የኢድ ዕለት ከሶላት በኋላ አባቷ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ባዘዘውም እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጥቶ ሳለ፣ ገመዱን አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠች። አባቦራ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቻቸው ዳበሱት።

“ማን ገመደው?”

“ገብረወልድ።”

“እጁ ጥሩ ነው” አሉና ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጥለው ተነሡ።

“ወዴት ነው አባቦራ?” አለ ባዘዘው። “ጫካ ለመግባት እኮ ፈቃድ ያስፈልጋል።”

ዘይቱ ፊቱ ቆመች። “ባለቤቱ ራሱ ይውጣ ያልከው አንተ አይደለህም? ይኸው ሊወጣ ነው። ተከተልና እይ!”

ሰው ግር ብሎ ተከተለ፤ ባዘዘውም መቅረት አልሆነለትም።

ዝናብ አባርቶ የዛፉ ግንድ ርሶ ነበር። ሽማግሌው ድንጋይ የታሰረበት ሲባጎ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ወርውረው ገመዱን በእሱ ሳቡ፤ አንዱን ጫፍ ወገባቸው ላይ አሰሩ። ሌላውን ዘይቱ ከጎን ያለ ግንድ ላይ ጠምጥማ ያዘች። “ስወጣ ሳቢ፣ ስጠይቅ አላዪ” አሏትና ጀመሩ።

እኩሌታው ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። እግራቸው ተንሸራቶ አየር ላይ ተወዛወዙ። ገመዱ የዘይቱን መዳፍ ላጠው። ገደልኩት አለች በልቧ፤ አባቴን በገዛ እጄ ገደልኩት። ወዲያው ከላይ ዛፉን በኦሮምኛ ከነዘር ማንዘሩ ሲሰድቡት ሰማች። ገመዱን በሁለት እጇ ሳበች፤ እግራቸው ግንዱን መልሶ አገኘ።

ቅርንጫፉ ላይ ሲደርሱ ቀፎውን አንኳኩ። “ሞልቷል!” ብለው ጮኹ። “ባዘዘው! ባለቤቱ ማነው?”

ባዘዘው ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። “የእርስዎ ነው፣ ይውረዱ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“አልተሰማም” አለች ዘይቱ። “ጮክ በል።”

“ዛፉ የአባቦራ ነው!”

አሚኑ “አልሐምዱሊላህ! አባዬ፣ በቃ ውረድ!” አለ።

አባቦራ ግን ወደ ላይ እያዩ ነበር። ከዚያ ቅርንጫፍ ከፍ ብሎ፣ ከሁሉ የቆየው ቀፎ አለ። “ዘይቱ!” አሉ። “ላላ አድርጊልኝ፣ ገመዱን ወደ ላይ ላሻግር!”

አሚኑ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። “እንዳትለቂ! ዛፉ ተመልሶለታል፣ ከእንግዲህ ምን ቀረው? አጥብቀሽ ከያዝሽ ወዶ ሳይወድ ይወርዳል።”

እውነቱን ነበር። ሥልጣኑ አሁን በእሷ እጅ ነው። እንደዚያች ሰዓት ፈርታ አታውቅም፤ እንባዋ ይወርዳል።

“እንዲወርድ ብዬ አልገዛሁትም” አለችና ገመዱን አላላችላቸው።