የዳኜ ቀይ ክር

ዳኜ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ላፍቶ፣ ጋራዦቹ በተደረደሩበት ኮረኮንች መንገድ ብትሄዱ ስሙን መጠየቅ እንኳ አያስፈልጋችሁም፤ ድምፁ ይመራችኋል! ሲሠራ ያወራል፣ ሲያወራ ይስቃል፣ ሲስቅ ደግሞ ጭንቅላቱ ከኮፈኑ ሥር ስለሆነ ሞተሩ የሳቀ ነው የሚመስለው።

አንድ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ልማድ አለው። የጠገነውን ሽቦ በናስትሮ ከጠቀለለ በኋላ ጫፉን በቀይ ክር ይቋጥረዋል። ክሩን የሚመዘው ሚስቱ እፀገነት ከምትቸረችረው የሽንኩርት ጆንያ ነው። "ናስትሮ ከሃዲ ነው፣ ክር ግን ቃሉን ይጠብቃል" ይላል። ከዚያ ኮፈኑን ጓ! አድርጎ ዘግቶ፣ "እኔ የነካሁት ሽቦ ከኔ በላይ ኖሮ እኔን ይቀብረኛል!" ሳይል ደንበኛ አይሸኝም።

ከመንገዱ ማዶ ሬድዋን ይሠራል። ሁለቱ በወጣትነታቸው ሙያውን የተማሩት ከአንድ ባለሙያ ነው። ሬድዋን ዝምተኛ ነው። ሰሞኑን ግን ደንበኛ ወደ ዝምታው መሻገር አብዝቷል፤ ዳኜ አይናገረው እንጂ ነገሩ ያንገበግበዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፉሪ የምትኖረው ዚነት መኪናዋን በገመድ አስጎትታ መጣች።

"ጋሽ ዳኜ፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል። ዛሬ ልጆቼን ጭኜ መንገድ መሐል ቀጥ አለብኝ! ያ ሁሉ መኪና ክላክሱን ሲያንባርቅብኝ ልጄ እሪ አለች።"

"መጨረሻ ላይ ማን ነካው?"

"ሬድዋን። በቀደም ባትሪ ቀየረልኝ።"

ዳኜ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ድምፁን ወደ ማዶ ለቀቀው። "የባትሪ ሐኪም ሽቦ ሲነካ እንዲህ ነው! ሬድዋን! ሰው ልትፈጅ ነው እንዴ?"

መንገዱ በሳቅ ሞላ። ሬድዋን እጁን በቤንዚን እየታጠበ ቀና አለ።

ዳኜ እየሳቀ የስልኩን መብራት አብርቶ ጎንበስ አለ። ችግሩ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው ሴንሰር ሽቦ ነው። ሽቦው ተንጠልጥሎ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ተኝቷል፤ ልባሱ ቀልጦ መዳቡ ከመዳብ ተነካክቷል። ወደ ብርሃን ሳብ አደረገው።

ቀይ ክር። ግማሹ ቀልጧል፤ ቋጠሮው ግን አለ።

አሁን ትዝ አለው። ክረምቱ ሲገባ ይህንኑ መኪና እሱ ራሱ ነበር የሠራው። ሽቦውን ከቱቦው የሚያርቀው መያዣ እጁ ላይ ሲሰበርበት፣ "ለጊዜው ይሁን" ብሎ እንደተንጠለጠለ ተወው። ጆሮው ጫፍ ድረስ ነደደ። እጁ ግን ከኀፍረቱ ቀደመ፦ ቋጠሮውን በፒንሳ ቆርጦ ኪሱ ከተተ።

"አገኘኸው?" አለች ዚነት።

"አዎ።"

"የሱ ሥራ ነው፣ አይደል?"

ዳኜ መሬት መሬት አየ። ዚነት ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥራ፣ ነጠላ ጫማዋን እያጯጯኸች ተሻገረች።

"አንተ ሰው፣ አላህን አትፈራም? ልጆች ነው እኮ የምጭነው!"

"እኔ ሽቦ አልነካሁም፣ እህቴ።"

"ጋሽ ዳኜ አይቶታል!"

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ሬድዋን በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ ዳኜን አየው። ያቺ ጠባብ መንገድ፣ ፒንሳ ለመዋስ በሩጫ የሚያቋርጣት መንገድ፣ ያን ቀን ለዳኜ አላልቅ አለችው። ደርሶ መዳፉን ዘረጋ። ቀይዋ ቋጠሮ መዳፉ ላይ አለች።

"የኔ ነው" አለ በሹክሹክታ።

"ጮክ በላ!" አለ ጎሚስታው ማኑሄ። "ቅድም ሰው ሲሰድብ የነበረው ድምፅ የት ሄደ?"

"የኔ ሥራ ነው! ዚነት፣ ልጆችሽን መንገድ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሬድዋን የለበትም።"

ሬድዋን ቋጠሮዋን አገላብጦ አያት። "'የነካሁት ሽቦ ይቀብረኛል' ትል አልነበር? ይኸው፣ ቀበረህ።"

የተሰበሰበው ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዳኜ ላብ አጠመቀው። ዚነት ብቻ አልሳቀችም። ቁልፏን ለሬድዋን ሰጠችው። "አንተ ሥራልኝ።"

ሬድዋን ሠራ። የተቃጠለውን ቆርጦ አዲስ ሽቦ በየደ፣ እሳት የማይበላው ልባስ አለበሰው፣ በብረት መያዣ ከቱቦው አርቆ አሰረው። መብራት የያዘለት ዳኜ ነበር። ቃል አልተነፈሰም፤ ከላፍቶ ጋራዦች መንገድ ድምፅ የጠፋው የዚያን ቀን ነው ብላችሁ እመኑኝ! ሞተሩ እስኪግል ቆመው ጠበቁ። አልጠፋም።

"ጋሽ ዳኜ" አለች ዚነት መሪውን እንደያዘች፣ "መብራት መያዝስ ትችልበታለህ።"

እጅ ነሳት።

ዛሬም ዳኜ ያወራል፣ ይስቃል። ኮፈን ሲዘጋ ግን ያቺን ፉከራ አይላትም። ደንበኛው ቢቸኩልም፣ "ቆይ፣ ይሙቅና እንየው" ብሎ ያስጠብቀዋል። ቀይ ክሩን አልተወም። ለምን አትተወውም ሲሉት አንገቱን ይደፋል።

"የማን እጅ እንደሆነ ይታወቅ።"