የአባቴ አውቶቡስ ጣሪያ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የወላይታ ሶዶን ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ፋርማሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ የአውቶቡሱ በር ሳይቀር በእሱ እጅ አልፏል። ኋላ ባነር ማተሚያ መጣና ሥራው ቀዘቀዘ። አምና ደግሞ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጣቸው። ሐኪሙ የዕድሜ ነው፣ ክፉ ነገር የለውም ብሎታል። እሱ ግን ሰው ፊት እጁን ከኪሱ ማውጣት ተወ። እኔን ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

ለሥልጠና አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ሱቅ ውስጥ የሚገጣጠምና ቀለም የሚቀባ ትንሽ የፕላስቲክ አውቶቡስ አየሁና ገዛሁለት። ድሮ ከሶዶ ወደ ተበላ ከተማ ትመላለስ የነበረችውን አውቶቡስ ቁርጥ ነው። እናቴ የተበላ ልጅ ናት፤ አባቴም በወጣትነቱ ገበያ በዋለ ቁጥር እዚያ የሚጻፍ ታፔላ አያጣም ነበር። ያን ያህል ታፔላ ከየት እንደመጣ ዛሬም የሚጠይቀው የለም።

ካርቶኑን ከፍቶ አየና መልሶ ከደነው። በማግስቱ ግን ብሩሾቹ ከቁም ሣጥኑ ወርደው አገኘኋቸው። ለጊፋታ ትደርሳለች አላት ለእናቴ። እሷ ደግሞ አፏ አያርፍም፤ ለዘመን መለወጫው የሚሰበሰበውን ዘመድ ሁሉ ስልክ እየደወለች አስቀድማ አበሰረች። ከዚያ በኋላ እኔን እንቅልፍ ነሳኝ። ዘመድ ሁሉ በሚጠብቃት አውቶቡስ ካፈረ፣ ብሩሾቹ ዳግመኛ እንደማይወርዱ አውቀዋለሁ።

ቀለሙን በትዕግሥት ቀባ። እጁ ሲብስበት አቁሞ ይጠብቃል፣ ሲሻለው ይቀጥላል። አንድ የማይለቀው ልማድ አለው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ጠርዝ ይቀባል። የሶዶ ዝናብ ታፔላን የሚያበላሸው በጠርዙ ገብቶ ነው ይላል። ስለዚህ የአውቶቡሷን ጣሪያና ጎኖች ጠርዝ ደጋግሞ፣ ምንም ክፍተት ሳይተው ቀባቸው። ካርቶኑ ውስጥ የመጣው መመሪያ የሚጋጠም ጠርዝ አይቀባም እንደሚል ባውቅም፣ ደስታውን ላለማደፍረስ ሳልነግረው ቀረሁ።

የዚህ ሥራ ማጣበቂያ እንደ ኮላ አይደለም። የሁለቱን ወገን ፕላስቲክ በጥቂቱ አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል እንጂ። የአባቴ ማጣበቂያ ግን ፕላስቲክ ጋ አልደረሰም፤ የሚያገኘው ቀለም ብቻ ነው። ጣሪያውን ገጥሞ በላስቲክ አስሮ አሳደረው። ጠዋት ላስቲኩን ሲፈታ ጣሪያው እንደ ድስት ክዳን ብድግ አለ። ማጣበቂያ ጨመረበት፤ ቀለሙ ተሸበሸበ፣ የአውራ ጣቱም አሻራ በላዩ ቀረ።

አላስቻለኝም። የሚጋጠመው ጠርዝ ላይ ያለው ቀለም መፋቅ አለበት አልኩት።

«ቀለም የሚፋቀው ሲበላሽ ነው» አለኝ። «ይኼ ምኑ ተበላሸ?»

ታዲያ ጣሪያው ምኑን ይያዝ ብዬ መለስኩለት፤ ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም። አልተቆጣኝም። ብሩሾቹን አንድ በአንድ ጠርጎ መጠቅለያ ጨርቁን ማንሳት ጀመረ። ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ!

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማን ኖሯል። ወደ ማድ ቤት ሄደችና ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን ዱላ ይዛ መጣች። አባቴ ታፔላ ሲጽፍ የእጁን አንጓ የሚያሳርፍበት ዱላ ነው። ሥራውን ከተወ ወዲህ እሷ የማድ ቤቱን መስኮት ነፋስ እንዳይዘጋባት ትደግፍበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ አኖረችለትና ጣሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቱ ተቀመጠች።

«ስንቱን ጽፈህበት» አለችው በወላይትኛ፣ «መፋቅ ያቅትሃል?»

ዱላውን አነሳው። ከዚያ አንድ ጫፉን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ሌላውን በግራ እጁ ይዞ የቀኝ እጁን አንጓ አሳረፈበትና ምላጭ አነሳ። ጣቶቹ መንቀጥቀጣቸውን አልተዉም፤ ምላጩ ግን ከጠርዙ አልወጣም። ቀለሙ እንደ ዱቄት ረገፈ፣ ከሥሩ ቀጭን ግራጫ መስመር ብቅ አለ። የጎኖቹንም ጠርዝ እንዲሁ ፋቀ፤ ከውጭ ያለውን ቀለም አንዲት ጭረት አልነካችውም። እናቴ የጎረቤት ወሬ እያወራችለት ነበር።

ማጣበቂያውን ቀባብቶ ገጠማት፣ አሰራት፣ እንዳትነኩብኝ አለን። በማግስቱ ላስቲኩን ፈታና አውቶቡሷን በጣሪያዋ ይዞ ከፍ አደረጋት። አልተላቀቀችም። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ለምን እዋሻለሁ። አሻራው ያረፈበትንም ቦታ እንደገና ቀባው።

ለጊፋታ ቤቱ በዘመድ ሲሞላ አውቶቡሷ ጠረጴዛው መሐል ተቀመጠች። ለመጣ እንግዳ ሁሉ በጣሪያዋ አንስቶ ያሳያል፣ በቀኝ እጁ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አውቶቡሷም አብራ ትንቀጠቀጣለች፤ መንገዱ ነው እንዲህ የሚያደርጋት ይላቸዋል።

በዓሉ ካለፈ በኋላ እናቴ የመስኮት ዱላዬን መልስልኝ አለችው። ሥራ ላይ ነው አላት። ይኸው እስከ ዛሬ የዳሞታ ተራራ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የማድ ቤቱ መስኮት ይጋጫል። እናቴም ሌላ እንጨት አልፈለገችለትም።